ቦራ ታስሮ የከረመባቸው አሥር ቀናት

ትርንጎዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ እንዳልጀምር መልስሽን የሚያመጣልኝ ፖስተኛ የለም። ስለዚህ የራሴን ልንገርሽ፤ እኔ ደህና ነኝ። ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን በጥቅምት አወጣን። ከአበርገሌ ሁለቱም ወንድሞችሽ በጋቸውን እየነዱ መጡ። ሰቆጣ ውስጥ አንቺን የሚያውቅ ሰው ሳይመጣ የቀረ አይመስለኝም።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። የጓሮውን አጥር በድንጋይ አሳጠርኩት፤ እሾሁን የጎረቤት ፍየል እየገፋ አስቸግሮኝ ነበር። ጣሪያውን ቆርቆሮ አደርገዋለሁ እንዳልኩ ዘንድሮም ሣር ነው። ዶሮዎችሽን ለጎረቤታችን ለእትዬ ዝማም ሰጠኋቸው። በየሳምንቱ ጥቂት እንቁላል ትልክልኛለች፤ አሁን ግን ሁዳዴ ስለሆነ እስከ ፋሲካ አትልኪ ብያታለሁ።

ቦራም አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሞላው። የግራ ዓይኑ ጭጋግ ለብሷል፣ ሲነሳ የኋላ እግሩ ያንቀጠቅጠዋል፤ ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ግን እንደ ቡችላነቱ ነው። ይህን ስጽፍ በሩ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል።

የምጽፍልሽ ላመሰግንሽ ነው። በሕይወት ሳለሽ ስለዚህ ውሻ አንድ ቀን እንኳ አመስግኜሽ አላውቅም።

አባትሽን ጠይቀሽ ከአበርገሌ፣ ከኒሯቅ የተመለስሽበትን ቀን አልረሳውም። ነጠላሽ ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። “ይህ ደግሞ ምንድን ነው?” ስልሽ፣ “ውሻ ነው፤ አታይም እንዴ?” አልሽኝ። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በድንጋይ ሲባረር እያየሁ ነው። “ይህ ነገር እዚህ ቤት አይገባም” አልኩ። አንቺ ግን ጅብ ፍየል ከበረት በሚወስድበት አገር ያደግሽ ነሽ፤ ያለ ውሻ እንቅልፍ እንደማይወስድሽ ነገርሽኝ። ለስድስት ዓመት ያለ ውሻ እንዴት ተኝተሽ እንደነበር ልጠይቅሽ ፈልጌ ተውኩት።

የፈራሁት ሌላም ነገር ነበር። በስድስት ዓመት ልጅ አልወለድንም። ሰው የሚለውን አውቀዋለሁ፤ እንደፈራሁትም አለ። ገበያ ላይ አንዷ፣ “መምህሩና ሚስቱ ልጅ ቢያጡ ቡችላ ታቅፈው ቀሩ” ብላ ሰማሻት። ቤት መጥተሽ እየሳቅሽ ነገርሽኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቡችላውን ደጅ ላይ ታቅፈሽው አላየሁም። አይቼ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመጀመሪያው ዓመት መከራ ነበር። ያለኝን አንድ የቆዳ ጫማ በላ። ተከትሎኝ ትምህርት ቤት እየመጣ የክፍሉ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ዲሬክተሩም፣ “መምህር ካሳ፣ ይህ ተማሪ ተመዝግቧል?” እያለ ያሾፍብኛል። ቁንጫው አላስተኛ ሲለን በእንዶድ አረፋ ታጥቢው ነበር፤ ከአንቺና ከእሱ ማን የበለጠ እንደሚረጥብ አይታወቅም። እንቁላል መስረቅ ሲጀምር፣ ትኩስ ቅቅል እንቁላል አፉ ውስጥ ክተቱበት፣ ዳግመኛ አይነካም ብለው መከሩን። እኔ እሺ አልኩ። አንቺ፣ “አፉን አቃጥዬው ነገ በምን ዓይን ያየኛል?” ብለሽ የዶሮዎቹን ጎጆ ከፍ አድርገሽ ግድግዳው ላይ ሰቀልሽው። ነገሩ በዚያው አለቀ። እኔ ዱላ ስፈልግ አንቺ እንዲህ ያለ ቀላል መላ ታገኚ ነበር።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የአራተኛው ዓመት ኅዳር ነው።

ወሩ የባተ ዕለት፣ ቦራ ለኅዳር ሚካኤል የጠነሰስሽውን የጠላ ጋን ክዳኑን ገልብጦ አፉን ከተተ። ውሻ የነካውን ለማኅበርተኛ አናቀርብምና የነፍስ አባታችንን አባ ኪዳነን ጠራኋቸው። ጠበላቸውን ይዘው መጡ። አንቺ፣ “ቆይ፣ ውሻውን ልሰረው” አልሽ። እኔ፣ “ሰው ነክሶ አያውቅ፤ አባን አታስቁሚያቸው” አልኩሽ። ጥፋቱ የኔ እንደነበር ያን ዕለት ማንም አልተናገረም፤ አንቺም አልተናገርሽም።

አባ እየደገሙ ጋኑን ሲረጩ ጠበሉ ጥግ ላይ በተኛው በቦራ ዓይን ላይ አረፈ። ደንግጦ ብድግ ሲል እጃቸው ወደ ላይ ተነሥቶ አየ። መጮሃቸውን ሰማሁ እንጂ ሲነክሳቸው አላየሁም። ከጉልበታቸው በታች ባታቸው ተቀዶ ደሙ ወደ ተረከዛቸው ወረደ። ደም የሚፈሰው ካህን መቅደስ አይገባም፤ በዓሉ ደግሞ አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረው። ከዚህም የከፋው ግን የሁላችንም ልብ ውስጥ ነበር፤ ውሻው አብዶ ቢሆንስ?

አንቺ አልጮህሽም። አባን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠሽ በሳሙና ታጥቢያቸው ጀመር። አንድ እንስራ ውኃ ጨረስሽ፤ ሌላ አስቀዳሽ። “ይበቃል ልጄ” ቢሉሽ፣ “አይበቃም አባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ” አልሻቸው። እኔ ከሀፍረቴ ብዛት ፍልጥ አንሥቼ ወደ ቦራ ሄድኩ። እጅሽ አረፋ እንደሆነ መጥተሽ ፊቴ ቆምሽ። “መጀመሪያ ድሬሰሩን ጥራው። እሱ ግደሉት ካለ እኔው ራሴ ይዤልህ እቆማለሁ።”

ድሬሰሩ ከክሊኒኩ መጥቶ ቁስሉን አየና አጠባሽን አመሰገነ። ቀጥሎ፣ “ውሻውን እንዳትገድሉት” አለን። “አሥር ቀን አስራችሁ ጠብቁት። በአሥር ቀን ውስጥ ምንም ካልሆነ አባም ምንም አይሆኑም። ከታመመ ግን በዚያው ቀን መሄድ አለባቸው። መርፌው እዚህ የለም፤ እስከ ኮረም በበቅሎ፣ ከዚያ በመኪና ነው።”

እትዬ ዝማም በአጥሩ በኩል ሰምታ ኖሮ ዘላ ገባች። “ካህን የነከሰ ውሻ አሥር ቀን ሊቀለብ? ገድላችሁ ጣሉት፤ ለአባም የአገር መድኃኒት እናጠጣቸው!” አለች። ድሬሰሩ ያ መድኃኒት ራሱ ሰው እንደሚገድል ነገራት። ከዚያ ሁላችንም ወደ አባ ዞርን። አባ ግን፣ “ይታሰር” አሉ። “በየማለዳው መጥቼ አየዋለሁ። የምፈራ ከሆነ ምን እንደምፈራ ልወቀው።”

እንዲህ ተጀመረ። ቦራን ከወይራው ምሰሶ ጋር በጠፍር አሰርሽው። አባ በየማለዳው በዘንግ እያነከሱ ይመጣሉ፤ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ። አንቺ በገበቴ ውኃ ታቀርቢለታለሽ። ቦራ ይጠጣል። አባ፣ “ዛሬም ጠጣ” ይሉና አማትበው ይሄዳሉ። ሌላ ወሬ አይወራም። ገበያ አልሄድሽም፤ ለቅሶ እንኳ አልደረስሽም። ሰው መንገድ ላይ እኔን ሲያይ ይንሾካሾካል። አንድ ጊዜ፣ “ይህን ሁሉ ለውሻ ብለሽ ነው?” ብዬ ተቆጣሁሽ። “ለአባም ነው” አልሽኝ። “ከገደልነው አባ እስኪሞቱ ድረስ በየቀኑ ይፈራሉ።”

በሰባተኛው ቀን ውኃውን አቀረብሽለት፤ አልጠጣም። አፉ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግረን አያስፈልግም ነበር። አባ ዘንጋቸውን ይዘው አተኩረው አዩት። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ልጄ፣ በቅሎ ይጫንልኝ” አሉኝ። ድሬሰሩ ደግሞ ገጠር ወርዶ ነበር።

አንቺ ከቦራ አንድ እርምጃ ርቀሽ ቁጢጥ አልሽ። አፉን ታዪዋለሽ። “ጉንጩን በእግሩ እየፋቀ ነው” አልሽ። “እብደት አይደለም። ጥርሱ ውስጥ የተቀረቀረ ነገር አለ።” እኔ፣ “እንዳትነኪው! በፈጠረሽ!” ብዬ ጮህኩ። “ከሆነ ሆነ፤ ካልሆነ ግን አባን ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ አንሰዳቸውም” አልሽና ባዶ አቁማዳ አምጥተሽ ቆዳውን እጅሽ ላይ እስከ ክንድሽ ጠቀለልሽ። ጠፍሩን እንድስብ፣ አንገቱንም ከምሰሶው ጋር አጣብቄ እንድይዝ ነገርሽኝ። ያዝኩ። ለምን እሺ እንዳልኩሽ አላውቅም፤ ብቻ ፊትሽ ላይ ጥርጣሬ አልነበረም። ቀስ ብለሽ እያነጋገርሽው እንጨት በመንጋጋው መካከል አስገባሽ፤ እጅሽም ተከተለ። አባ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ይሰማኛል።

እጅሽን ስታወጪ የበግ አጥንት ስንጣሪ ይዘሻል። በላይኛው ጥርሱ መካከል ከግራ ወደ ቀኝ ተወትፎ ነው አፉን አላስገጥም ያለው። ጠፍሩን ሳላላው ቦራ ገበቴው ላይ ወድቆ ጠጣ። ጠጥቶ ጠጥቶ ባዶውን ገበቴ ላሰው። አባ ኪዳነ ድንጋዩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

“አጥንቱን ማን ሰጠው?” ብለሽ ዞርሽ። እኔም እንደሌላው ሰው ዝም አልኩ። ትርንጎዬ፣ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ተዝካር በልቼ ስመለስ በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ አመጣሁለት። ስድስት ቀን ታስሮ ሲያየኝ ጭራውን እየወዘወዘ አላስችል አለኝ። ያን ውሻ ከቤቴ አስወጣለሁ እያልኩ ዓመታት የፎከርኩ ሰው፣ አንቺ ውኃ ልትቀጂ እስክትወጪ ጠብቄ እንደ ሌባ ሰጠሁት። አንቺም እጅሽን አፉ ውስጥ የከተትሽው በኔ ስጦታ ምክንያት ነው። ይህን ሳልነግርሽ ሞትሽ። አሁን ነገርኩሽ፤ ይቅር በይኝ።

በአሥረኛው ቀን አባ ያለ ዘንግ መጡ። ቁስሉ ደርቋል። ቦራ ጠጣ፤ በላም። ድሬሰሩ አየውና፣ “ፍቱት” አለ። አባ ግን፣ “ቆይ፣ አሁን አይፈታ” አሉና ወደ ጋኑ ሄደው ያቋረጡትን ጸሎት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨረሱ። በሚካኤል ዕለት ቅዳሴውን የመሩት እሳቸው ናቸው። እኛም ከሕዝቡ መካከል ሆነን ድምፃቸውን ሰማን፤ አንቺ አለቀስሽ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል አብረን ኖርን፤ ደግ ዓመታት ነበሩ። ከዚያ የእናትሽን ሕመም ሰምተሽ ወደ ኒሯቅ ወረድሽ፤ እሷን አድነሽ ወባ ይዘሽ ተመለስሽ። አምስት ቀን እንኳ አልታመምሽም።

ከቀብርሽ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ። ቦራ የማይገዛ ሆነ። ለለቅሶ የሚመጣውን ሁሉ ከአጥር ውጭ ያስቆማል። “ና!” እላለሁ፣ አይመጣም። “ተኛ!” እላለሁ፣ ቆሞ ያየኛል። ደንቁሯል፣ ወይም በኀዘን ተጎድቷል ብዬ አሰብኩ። አንድ ጠዋት እትዬ ዝማም በሩ ላይ እንደቆመች በሳቅ ፈረሰች። ሳቅ ከሰማሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። “መምህር፣ እሷ በኽምጣንጋ እንጂ በአማርኛ መቼ አናግራው ታውቃለች?” አለችኝ።

አሥራ ስድስት ዓመት አብሬሽ ኖሬ ቋንቋሽን አላወቅሁም። አንቺ ለኔ ብለሽ አማርኛውን ከነፊደሉ ተማርሽ። እኔ ጆሮዬ እየሰማ ልቤ አልያዘውም። ይባስ ብሎ ክፍል ውስጥ በኽምጣንጋ ያወሩ ተማሪዎችን እቀጣ ነበር፤ አንቺ ታውቂ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ “እኔንም ትቀጣኛለህ?” ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ያን ቀን እትዬ ዝማም አራት ቃል አስተማረችኝ። አፌ አልገራ ብሎ ሙሉ ከሰዓት ስትስቅብኝ ዋለች። በሦስተኛው ቀን “ና” የሚለውን ስል ቦራ ከአጥሩ ሥር ተነሥቶ መጣ፤ ራሱንም ጉልበቴ ላይ ጣለ። ከቀብርሽ ወዲህ በደንብ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ አላቆምኩም። በሙት ዓመትሽ ወንድሞችሽን በቋንቋቸው እንደምን ዋላችሁ ብዬ ተቀበልኳቸው። ታላቅየው ትከሻዬን ይዞ ወደ ደረቱ ሳበኝ። ከገጠር አዲስ የሚመጡትንም ተማሪዎች አሁን በመጀመሪያው ቀን የማናግራቸው በሚያውቁት ቋንቋ ነው። ስሳሳት ያርሙኛል። አልቀጣም።

ትርንጎዬ፣ ልጅ አላሳደግንም እያልኩ ብዙ አዝኜ ነበር። አሁን ሳስበው አንቺ እኔን ስታሳድጊ ኖረሻል፤ ስለዚህ ነው የማመሰግንሽ።

ቦራ አርጅቷል፤ ለከርሞ መድረሱን እንጃ። ታላቅ ወንድምሽ ከኒሯቅ ቡችላ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ይመጣል። ስም ገና አላወጣሁለትም። በአማርኛ ግን አላናግረውም። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በዚህ ቤት በየማለዳው በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሰማው ያንቺ ቋንቋ ይሆናል።

ባልሽ ካሳ፣
ሰቆጣ