የእብዱ ቤት ወለል

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ያ የማይለቅህ የወገብ ሕመምስ? እኔን ከጠየቅኸኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃና ወደ ነገሬ ልግባ፤ ተናድጃለሁ። ስናደድ ስልክ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። ገና አፌን ስከፍት እንባዬ ይቀድመኛል፣ አንተም በቃ አይዞሽ ትልና ወሬ ትቀይራለህ። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም። መስመሩ ቢንጋደድ፣ አንዱ ቃል በሌላው ላይ ቢወጣ ታገሰኝ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና መጀመሪያ ይህን መልስልኝ። ላይኛውንም ፎቅ ለእነዚያ ለካፌዎቹ ሰዎች ልትሰጣቸው ነው የሚባለው እውነት ነው? ምድር ቤቱን ስታከራይ ውክልና የሰጠሁህ እኔው ነኝ፣ አልክድም። እማዬን ከቀበርን በኋላ ቤቱ ባዶውን ከሚፈርስ ጣሪያውን የሚጠግን ሰው ይግባበት አልከኝ፣ አሳመንከኝም። ያኔ የተስማማነው ግን ላይኛው ፎቅ እንዳለ እንዲቆይ፣ ሰው ቢያየው እንጂ እንዳይነካው ነበር። ረሳኸው ወይስ እኔን ረሳኸኝ?

ባለፈው ቅዳሜ ቤታችንን ልጎበኝ ሄጄ ነበር። አዎ፣ ልጎበኝ። አባታችን በእጁ በሠራው፣ እኔና አንተ ባደግንበት ቤት በር ላይ ትኬት ቆርጬ ገባሁ። ቡና ለገዛ ሰው ቅናሽ አለው አሉኝ። በሩ ላይ «የእብዱ ቤት» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ሰቅለዋል። ከሥሩ ደግሞ «እዩት፣ ቅመሱት፣ እበዱለት» ይላል። ይህኛውን ያነበበችልኝ ጎኔ የቆመች ሴትዮ ናት። ዛሬ ዛሬ ሰው የሚጽፈው ሁሉ ጉንዳን እንዲያነበው ይመስል ጥቃቅን ሆኗል።

ጉብኝቱ እስኪጀምር ካፌው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ስለነዚህ በየመንገዱ ቅርንጫፍ ስላላቸው ካፌዎች እስኪ የልቤን ልናገር። አንተ ሳትወዳቸው አትቀርም፣ በየፎቶህ ላይ ያ ክዳን ያለው የወረቀት ኩባያቸው ከእጅህ አይጠፋም። ሰው ጥርስ አውጥቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ቡናውን በጡጦ ይጠባል? ስምህን ይጠይቁህና ኩባያው ላይ ይጽፉታል፣ ሲጠሩህ ግን የጎረቤትህ ስም ነው። ትንሹን ስጡኝ ብትል ትንሽ የሚባል የላቸውም። ትንሹ መካከለኛ ይባላል፣ መካከለኛው ትልቅ ይባላል፣ ትልቁን የሚጠጣው ሰው ይሁን ግመል እኔ አላውቅም። ሶፋው ያው ነው፣ ሙዚቃው ያው ነው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የቡና ፍሬ ሥዕል እንኳ ያው ነው። አንዱን ካየህ ሁሉንም አየህ። ደግሞ መብራቱን ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ የሚያጨልሙት? ውጭ ፀሐይ አናት ይበሳል፣ ውስጡ ዋሻ ነው። የዋጋውን ዝርዝር ጣሪያ ሥር ሰቅለውታል። ማን ያነበዋል? ካሸሯን ምን ምን አላችሁ ብዬ ብጠይቃት፣ እማማ ከላይ ተጽፏል እኮ አለችኝ። እማማ! ገና አምሳ ያልሞላኝን ሴትዮ! ለአፏ እንኳ ለከት የላትም።

በአንድ ነገር ግን ልመርቃቸው። የትኛውም ቅርንጫፋቸው ብትገባ ሒሳብ መክፈያው በቀኝ ነው፣ ስኳሩ በግራ ጥግ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ ከስኳሩ ቀጥሎ ነው። እንዲህ ያደራጀው ማን እንደሆነ አላውቅም እንጂ እጁ ይባረክ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሊገባ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ እያማረርኩ የማዘወትራቸውም ለዚሁ ነው።

ታዲያ ቅዳሜ ዕለት ምን አደረግሁ መሰለህ፣ ገና የቤታችንን በር ሳልፍ ጫማዬን አወለቅሁ። አስቤበት አይደለም። እኛ ቤት ጫማ ከበር አልፎ ያውቃል? እግሬ ለምዶታልና እጄ ታዘዘው። ባዶ እግሬን ወጥ ቤታችን በነበረው ቦታ ላይ ቆምኩ፣ የጡቡን ወለል ጠበቅሁ፣ ያንን እግር የሚይዝ ሸካራውን። የለም። ሴራሚክ አልብሰውታል። ሳሎኑ ጋ ተሻገርኩ፣ ጣውላውም የለም። እሱንም ሴራሚክ አልብሰውታል። ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት። እግሬ የት እንዳለሁ ሊነግረኝ አልቻለም። በገዛ ቤቴ መሐል ቆሜ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ከዚያ ማናጀሩ መጣና እንደ ለማኝ ከላይ እስከ ታች ካየኝ በኋላ፣ እናቴ፣ ጫማ ሳያደርጉ ማስተናገድ አንችልም አለኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እነሱማ ከአጥሩ አልፈው ወለሉን ቀበሩት።

ጉብኝቱ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። አስጎብኚዋ ጨዋ ሴት ናት፣ አንደበቷም ጥሩ ነው፣ እሷን አልቀየማትም። የነገሯትን ነው የምትናገረው። ይህን ቤት የሠራው ግንበኛ አእምሮው የተነካ ሰው ነበር ብላ ጀመረች። ኮሪደሩን በወንዝ ጠጠር ያነጠፈው ሌባ ሲገባ ኮቴው እንዲሰማው ነው አለች። በየግድግዳው ላይ ገመድ የዘረጋው መርከበኛ መሆን አምሮት ስለቀረ ነው። የጠረጴዛውን ማዕዘን ሁሉ ያሞለሞለው ሰይጣን ማዕዘን ላይ ይቀመጣል ብሎ ስለሚያምን ነው። በየበሩ የተለያየ ድምፅ ያለው ቃጭል ያንጠለጠለው ደግሞ የመናፍስቱን መግቢያ ለመለየት ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ ሆዳም ሰውዬ ገመዱን እንደ በሬ ማሰሪያ እየጎተተ ፎቶ ተነሣ። ሌላው ደግሞ ለመሆኑ ሚስቱ እንዴት ችላው ኖረች ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚዋም፣ ሚስትየው ከቤት የማትወጣ ኩሩ ሴት ነበረች ይባላል፣ ስለ እሷ ግን ብዙ አይታወቅም አለች።

ብዙ አይታወቅም! ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ጠጠሩ ኮሪደር ላይ መሆኗን ለእግሯ እንዲነግራት ነው ብዬ ልጮኽ ምንም አልቀረኝ። ለስላሳው ድንጋይ መኝታ ቤቷ እንደሆነ፣ ጣውላው ሳሎን፣ ጡቡ ወጥ ቤት። ደረጃው ሁሉ ድንጋይ ሆኖ የመጨረሻው ብቻ እንጨት የሆነው ደረጃው አለቀልሽ ሊላት ነው። ገመዱ ላይ ያሉት ቋጠሮዎች፣ አንዱ የእኔና የአንተ ክፍል፣ ሁለቱ የእማዬና የአባዬ። ቃጭሉ ደግሞ ማን በየት በኩል እንደገባ። ማዕዘኑ የተሞለሞለው ሰይጣንን ፈርቶ አይደለም፣ አንድ ቀን ግንባሯ ሲደማ ስላየ ነው። ያን ቀን አባዬ ሞረዱን አንሥቶ ሲፍቅ አደረ።

ግን አልጮኽኩም። መሐላ ነዋ። እማዬ ዓይኗ የጠፋ ጊዜ ሁላችንንም አንድ በአንድ ያስማለችንን አንተ ከእኔ በላይ ታስታውሳለህ፣ ትልቅ ነበርክ። ሰው ከንፈር ሲመጥልኝ ከምሰማ አፈር ልግባ ነበር ያለችው። መንደሩ ሳያውቅ ኖረች። መስኮቷ ሥር ተቀምጣ የአላፊ አግዳሚውን ኮቴ እያዳመጠች በየስማቸው ስትጣራ፣ ዛሬ አዲስ ጫማ አደረግሽ ስትላቸው፣ ሴቶቹ የእሷን ዓይን ምን ያመልጠዋል ይሉ አልነበር? እኔና አንተም ማን እንደመጣ እንድታውቅ በር ላይ ሳል እያልን እንገባ ነበር። አባዬን ደግሞ ይህ ሁሉ ገመድና ጠጠር ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት፣ አመሌ ነው፣ ትንሽ ነካ ያደርገኛል እያለ አብሯቸው ይስቅ ነበር። እብድ እየተባለ ኖረ፣ እብድ እንደተባለ ተቀበረ። እንግዲህ ለእሷ ብሎ የተሸከመውን ስም ነው ኩባያ ላይ አትመው የሚሸጡት።

ሰዎቹ ወርደው ሲያልቁ እኔ ቀረሁ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ገመዱን ይዤ ከዳር እስከ ዳር ሄድኩ። ጠጠሩ ጠጠር ነው፣ ድንጋዩ ድንጋይ ነው፣ ቋጠሮው ያው ቋጠሮ ነው። እግሬ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም። እማዬ አልጋ ጋ ደርሼ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳልፈራ የተራመድኩት እዚያ ነበርና። ከዚያም እንደጨፈንኩ ደረጃውን ወረድኩ። እንጨቷ አለቀልሽ አለችኝ። አምኜያት ቀጣዩን እግሬን ጣል ሳደርግ ያ ሴራሚክ ተቀበለኝና አዳልጦኝ፣ እርጥብ ነው የሚለውን ቢጫ ምልክታቸውን ይዤ ተዘረጋሁ።

ማናጀሩ ሮጦ መጣ። አነሣኝ፣ እሱን አመሰግናለሁ። ከዚያ ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አዩ እናቴ፣ ይኼ ቤት እኮ ያደናቅፋል፣ ለዚህ ነው ላይኛውንም ጠጠሩን አንሥተን፣ ገመዱን በጥሰን፣ በአንድ ዓይነት ሴራሚክ የምናለብሰው፣ ባለቤትየው ወረቀቱ ደርሶታል፣ ፊርማው ብቻ ነው የቀረው አለኝ። ያደናቅፋል! ሰው እንዳይደናቀፍበት ብሎ አንድ ሰው ዕድሜውን የፈጀበትን ቤት! ባለቤትየው የምትባለውም አንተ ነህ እንግዲህ። እኔ ጉልበቴን እያሻሸሁ ወጣሁ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ አትጨነቅ፣ ንዴቴ ነው ያልዳነው።

መሐላውን ስለጠበቅህ አልወቅስህም። ስለ አባዬ ሲጠይቁህ ዝም ማለትህን አውቃለሁ፣ እብድ ያላቸውም መንደሩ ነው። ግን ዝም ማለት ሌላ ነው፣ መፈረም ሌላ ነው። እጅህ ለዚያ እንዴት ይታዘዝልሃል? አንተም እኮ በዚያ ጠጠር ላይ በባዶ እግርህ መሄድን እያለቀስክ ነው የለመድከው።

አሁን ደግሞ በዚያ ቤት ማን ሊኖርበት ነው እንደምትል አውቃለሁ። እኔ እኖርበታለሁ። ከማተሚያ ቤቱ ሥራዬ ወጥቻለሁ። ርዕሱ ላይ ስሕተት ያለበት መጽሐፍ አርሜ ጨረስኩ ብዬ አሳልፌው ታትሞ ወጣ። ሌላው ሁሉ ሳቀ፣ እኔ ግን በማግሥቱ ጠረጴዛዬን ለቀቅሁ። ፊደል ሰለቸኝ አልኳቸው። ሐኪም ዘንድም ሄጄ ነበር። ስለ እኔ ጥቂት ጠየቀኝ፣ ስለ እማዬ ግን ብዙ ጠየቀኝ፣ በስንት ዓመቷ እንደጀመራት ሳይቀር። ከዚህ በላይ አታስጽፈኝ።

ስለዚህ አትፈርምም። ምድር ቤቱን ይዘው ይኑሩ፣ በጡጦ ያጥቡ፣ ስም ያሳስቱ። ከላይኛው ግን አንዲት ጠጠር እንዳትነቀል። ክረምቱ ሳይገባ ዕቃዬን አጓጉዛለሁ። ቃጭሎቹን የሚያጠብቅልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ እጅህ ከሠራ አንተው ና።

ባለቤትህን ሳምልኝ፣ ልጆቹን ፈጣሪ ያሳድጋቸው፣ ላንተም ዕድሜና ጤና ይስጥህ። አንተም ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ለወገብህ አላልኩም። ስትመጣ ጫማህን በር ላይ አውልቅና እንደ ድሮው ሳል በል።

ሰዎቹ እህትህ ምን ነክቷት ነው እዚያ ጠጠር ላይ ልኑር የምትለው ብለው ቢጠይቁህ፣ እውነቱን እንዳትነግራቸው። ለእማዬ የማልክላትን ለእኔም ማልልኝ። በአባቷ ወጥታ ነው፣ ትንሽ ነካ ያደርጋታል በላቸው።

እህትህ፣
የእብዱ ልጅ