በሸበጥ እንዳይሄድ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ወንድሜ ከፈለ «ደረጃ መውጣት ከብዶታል» ብሎኝ ነበር፤ እውነት ነው ወይስ እንደ ልማዱ አጋኖብኝ ነው? የእማዬ ደም ግፊትስ እንዴት ሆነ? ጨው ቀነሰች? እንደማትቀንስ አውቃለሁ፤ ብቻ ልጠይቅ ብዬ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነን። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው፤ ከሱቁ ቆርቆሮ ሥር ሆኜ ስጽፍልህ ላቤ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ክንዴን በፎጣ ጠቅልያለሁ። ጤና ነን አልኩህ እንጂ ደህና ነን አላልኩህም። አባዬ፣ ፈርቻለሁ።

በስልክ ያልነገርኩህ ሉቃስ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው፤ ደግሞም ስልኩን ራሱን መፍራት ጀምሬያለሁ። ይህን ደብዳቤ ንዋይ ነገ ጠዋት በአውሮፕላን ይዞልህ ይመጣል። አየር መንገድ የሚሠራ ጎረቤታችን ነው፤ ማታውኑ ቤት ድረስ አመጣለሁ ብሎኛል። እንደደረሰህ ለሉቃስ ደውልና ከልክልልኝ። የኔን ቃል እንደ ዘፈን ነው የሚሰማው፤ ያንተን ግን አይሽርም።

አማችህን ታውቀዋለህ። ጋምቤላ አድጎ፣ ከኛው ጋር ተምሮ፣ አገሬ ነጻ ወጣች ብሎ ወደዚህ ወደ ጁባ ሲመለስ እኔን አስከትሎ የመጣ ሰው ነው። ጣሪያ ቢፈርስበትም «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም፣ ነው የሚለው። እስካሁን በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። አሁን የግዛቱ ምክር ቤት ስለ መንግሥት ሠራተኞች አንድ ረቂቅ ሕግ ይዟል። መምህሩም ነርሱም በየግሉ ደጅ ከሚጠና፣ በማኅበሩ በኩል ስለ ደመወዙና ስለ ሥራው ከመንግሥት ጋር በጋራ ይደራደር የሚል አንቀጽ አለው። አንዳንድ የምክር ቤት አባላት ይህ አንቀጽ ካልተሰረዘ ሞተን እንገኛለን ብለዋል። ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው የሠራተኛውን ሐሳብ ይሰማል። መምህራኑ ተሰብስበው ተናገርልን ብለው ማንን ቢመርጡ ጥሩ ነው? የኔን ባል።

ድርድር የሚለው ቃል እዚህ አገር ያስደነግጣል። እዚህ የሚደራደረው ጠመንጃ ያለው ሰው ነው። ጠመኔ የያዘ ሰው ልደራደር ሲል አንዱ ይስቅበታል፣ ሌላው ምን ተማምኖ ነው ብሎ ይጠረጥረዋል።

ባለፈው ዓርብ ሁለት ሰዎች ሱቄ መጡ። ውኃ ገዝተው እዚያው ቆመው ጠጡ። አንደኛው በዓረብኛ፣ መምህሩ ያንቺ ሰው ነው አይደል አለኝ። አዎ አልኩት፤ ምን ልበል? የመኖሪያ ፈቃዴ መቼ እንደሚያበቃ ጠየቀኝ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ ባልሽ ሒሳብ ጥሩ ያስተምራል አሉ፤ ሒሳቡን ያስተምር ብሎኝ የውኃውን መልስ ሳይቀበል ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቦዳቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ደጃችን በቆመ ቁጥር፣ ተሳፋሪ አውርዶ እስኪሄድ ድረስ የያዝኩትን ሚዛን እንኳ አላስቀምጥም።

ለሉቃስ ስነግረው ማፊ ሙሽኪላ አለኝ። ጎን ያለው ባለሱቅ ረፊቅ ግን አልሳቀም። እኅቴ፣ በሰው አገር ጆሮ እንጂ አፍ አይከፈትም፤ ባልሽን ያዢው አለኝ። አብረን እንቆማለን ብለው ከነበሩት መምህራንም አንዱ እናቴ ታመመች ብሎ ወደ ትውልድ መንደሩ ሄዷል፤ ሌላው ስልኩን ዘግቷል። አንተ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ትለን ነበር። ድሩ ሳያብርስ፣ አባዬ?

እና ምን አደረግሁ መሰለህ? ጫማውን ደበቅሁበት። ለክብር ቀን ብቻ የሚያደርገው አንድ ጥቁር ቆዳ ጫማ አለው፤ ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ወሸቅሁት። ልጃችን ሀሌሉያ፣ ምስኪን፣ አልጋ ሥር እየገባች ታፈላልግለታለች። እኔም አብሬ እፈልጋለሁ፤ እንዲህ ያለ ጉድ ሆኛለሁ። ይሄን ስጽፍልህ ሉቃስ ከጓዳ ብቅ ብሎ፣ ተይው ሰናይት፣ ካጣሁት በሸበጥ እሄዳለሁ ብሎኝ እየሳቀ ወጣ።

ያቺን ቃል ስሰማ አንተ ትዝ አልከኝ። የኛን ታሪክ ነግሬው አላውቅም። አንተ ለፋብሪካው ሠራተኞች ልትናገር የሄድክ ቀን እማዬ ጫማህን ደብቃብህ በሸበጥ አልነበር የወጣኸው? ከስብሰባው ወሰዱህ፤ ክረምቱን ሙሉ አልመጣህም። በመስከረም ስትመለስ ያው ሸበጥ እግርህ ላይ ነበር፤ አንዱ በገመድ ታስሮ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሲልህ እማዬ እግርህን እያጠበች ስታለቅስ አስታውሳለሁ። መሄዱንስ ይሂድ፣ ወንድ ልጅ ነው፤ በዚያ ብርድ ባዶ እግሩን የሰደድኩት ግን እኔ ነኝ ስትል ነበር። እስከ ዛሬ ዝናብ ሲዘንብ ያንን የምታነሳው ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

ከላይ ከልክልልኝ ያልኩህን ልሰርዘው አስቤ ተውኩት፤ ፍርሃቴንም እወቀው። ግን አትደውልለት፣ አባዬ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ አንድ ቦዳቦዳ ደጅ ቆሞ ነበር፤ ብዕሬን ጥዬ ተነሣሁ። ሲሄድ ነው የተመለስኩት። ሐሙስ ሱቁን እዘጋለሁ። ሀሌሉያን ረፊቅ ቤት አኑሬ ከሉቃስ ኋላ ሄጄ እቆማለሁ። የምናገርበት መድረክ የለኝም፤ ዞር ሲል የሚያየው አንድ ሰው ይኑር ብዬ ነው። ስልኬ ካልሠራ ንዋይን ጠይቀው፤ እዚህ ባሉት ባልደረቦቹ በኩል ያጣራልሃል።

ለከፈለና ለባለቤቱ፣ ለልጆቻቸውም በየስማቸው፣ ለጎረቤታችን ለጋሽ ተክለማርያምም ሰላምታዬን አቅርብልኝ። የእማዬን ግን ለብቻዋ፣ ጆሮዋ ላይ ንገርልኝ፤ ጫማውን አውጥቼ ቀለም ቀብቼዋለሁ፣ በር ላይ አስቀምጬዋለሁ በላት።

ልጅህ ሰናይት
ጁባ፣ ሙኑኪ
ማክሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.