ፒክአፑን ዝቅ አስደርጌዋለሁ

ማሙሽ፣

ሥራ ሄጃለሁ፤ እስከ ቅዳሜ አልመለስም። ቁልፉ ፍሪጁ ላይ ነው።

ፒክአፑን ዝቅ አስደርጌዋለሁ። መካኒኩ ከኋላው ባሌስትራ በየጎኑ ሁለት ሁለት ብረት ቀነሰለት። አባዬ በእጁ የበየደው የመሰላል መጫኛ አሁን የጋራዡን በር ሳይነካ ያልፋል፤ እንዲያውም ሦስት ጣት ይተርፋል። ሳልጠይቅህ ነው ያስደረግኩት፤ ውሃ ቀጠነ ብለህ እንዳትጣላኝ።
ሲሚንቶ እንዳትጭንበት። ከከበደው ቦዲው ጎማውን ይነካል።

ከእንግዲህ በሩ ጋ ቆሞ ክላክስ ማድረግ የለም። መኪናው በክብደታችን ዝቅ እንዲል እየሮጥን ወጥተን ኋላው ላይ መቆምም ቀረ።

ያን ቀን አባዬ ሁለቴ ክላክስ አደረገ። ሁለታችንም ሰምተናል። እኔ "ውጣለት" አልኩህ፤ አንተ "ተራው ያንተ ነው" አልከኝ።
መኪናው ዝቅ እንዲልለት ብቻውን ድንጋይ እየጫነበት ሳለ ልቡ ቆመ።
ለእማዬ "ተኝተን ነበር" ያልኳት እኔ ነኝ። አንተ እስካሁን አፍህን ዘግተህልኛል።
ተራውም የእኔ ነበር።

ትናንት ከመካኒኩ ጋ ባዶውን ይዤው መጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ኋላው ዝቅ አለ፤ ልክ ሰው ሲወጣበት እንደሚለው። በመስታወትም ሆነ ዞሬ አላየሁም። ቀስ ብዬ አስገባሁት፤ ውስጥ ከገባ በኋላ ተመልሶ ከፍ አለ።

አንተንም ካጋጠመህ አትደንግጥ። "መጣሁ አባዬ" በለው።

እኔ ትናንትም ዝም አልኩት።