ማጣሪያው ይበቃኛል

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ልምምድ፣ ሻይ፣ እንደገና ልምምድ። እህቴ እታለም ትደንሳለች፣ እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ በሲንተሳይዘሬ፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥረው መሣሪያዬ፣ ድምፅ እሰጣታለሁ። እርምጃዋን እያየሁ አስረዝማለሁ፣ አሳጥራለሁ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ግራ ጉልበቷ ደስ ሲለው ይታዘዛል፣ ሲያሻው እምቢ ይላል። ለምደነዋል... ትርኢቱ አሥራ ሁለት ቀን ቀረው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ኦሲሌተሩ ተቃጠለ። ድምፅ የሚያመነጨው ዋናው ክፍል! ሸተተና ዝም። ጠጋኙ "ወር ይፈጃል" አለኝ።

ዳይሬክተራችን፣ ከጀርባው "ቶሎቶሎ" የምንለው፣ ወዲያው ቆረጠ።

"የተቀዳ ሙዚቃ እናስገባለን።"

"የተቀዳ እሷን አይጠብቅም።"

"እንግዲያው መጠበቅ የማያስፈልጋት ዳንሰኛ እንፈልጋለን።"

እታለም በሩ ጋ ቆማ ነበር። ሰምታለች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች... ታስሮ የነበረውን ጫማ።

እስከ ዓርብ ስጠኝ አልኩት። በምን ተማምኜ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ከመሣሪያው ክፍሎች የቀረኝ ሁለት ወገን ያለው መንታው ማጣሪያ ነው። ሥራው ሌላው ያወጣውን ድምፅ መሞረድ። ግን ማዞሪያውን እስከ ጥግ ሲያዞሩት ራሱ ማፏጨት ይጀምራል። እስከዛሬ እንደ ጥፋት እየቆጠርኩ ቶሎ እመልሰው ነበር። ዛሬ ተውኩት። ያፏጭ! ንጹሕ፣ ክብ ድምፅ። አንደኛው ወገን ያፏጫል፣ ሁለተኛው ይቀርጸዋል፤ ሲከፈት ይወጣል፣ ሲዘጋ ይጠፋል። ሌላ ምን ጎደለኝ? ምንም!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ከበሮም ተገኘ። ከማፏጨቱ መለስ አድርጌ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ስልክበት "ዱም" ይላል።

እታለም መጥታ አዳመጠች። "ይሄ ሁሉ ከዚህች ከመዳፍ ከማትበልጥ ነገር?"

"ከዚህችው።"

"ልተወው ብዬ ነበር እኮ..."

"አንቺ ደንሺ። መጠበቁን ለኔ ተይው።"

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ቶሎቶሎ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሰዓቱን ሳያይ!

"ከተበላሸ በራስሽ ነው።"

"በራሴ።"

ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ልለው ነበር... ምላሴን ያዝኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ትናንት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መሃል ላይ እታለም ተንበረከከች፣ መነሣት አቃታት። የማጣሪያውን ሁለተኛ ወገን ቀስ እያልኩ ዘጋሁት፣ ድምፁ እንደ ክር እስኪቀጥን። ያዝኩት። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት... ሰባት። የሚያስል ሰው እንኳ ጠፋ። ቀና ብላ አየችኝ። ከፈትኩት። ድምፁ ሲነሣ አብራው ተነሣች። ሰው ሁሉ ታስቦበት የተሠራ መሰለው።

ሲያበቃ ቶሎቶሎ መጣ። "ያቺ ዝምታ ነገም ትኑር። እንዲያውም ትርዘም።"

"እሱንስ ለጉልበቴ ንገርልኝ" አለችው እታለም፣ ጉልበቷ ላይ በረዶ እንደያዘች። ሳቅን። እሱም ሳቀ።

ቤት ስንገባ፣ "አዲስ ዳንስ አስቤያለሁ" አለችኝ። "መሬት ላይ ተቀምጦ የሚደነስ።"

"ሙዚቃውስ?"

"አንቺ ጀምሪ። እኔ እከተልሻለሁ።"

እኔን? ታላቄ እኔን ልትከተል?... እሺ አልኳት። ሳላንገራግር።