እንዳይመሰገን ያመለከተው ሰው

ለተከበሩ አቶ ታፈረ፣
የመንገድ ሥራ ሱፐርቫይዘር፣
ከአርብ ገበያ በላይ በሚገኘው ድንኳንዎ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከጫማዎ ሥር እያነጠፍሁ፣ እርስዎ፣ በቅሎዎ፣ ድንኳንዎና ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት ትምህርት እንደምን እንደ ሰነበታችሁ በትሕትና እጠይቃለሁ። የእኔን ጤና የጠየቁኝ እንደሆነ፣ ጉልበቴን ቁርጥማት ከያዘው በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እንቅልፍ ግን ሰሞኑን አልወስድህ ብሎኛል፤ መድኃኒቱም ከእርስዎ ዘንድ እንጂ ከሐኪም ቤት የማይገኝ ስለሆነ ይህን ልጽፍ ተነሣሁ።

እኔን ያውቁኛል። ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ተምሬ፣ ለዜማው ድምፄ ሲሻክር ብዕሬን ይዤ በአርብ ገበያ ዋርካ ሥር የተቀመጥሁ፣ ባላገር ሲበደል ማመልከቻ የምጽፍለት መሪጌታ ቀለመወርቅ ነኝ። ድንበሩ የተገፋበት፣ በሬው የተነዳበት፣ ሚስቱ የኮበለለችበት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ ሰው በሰው ላይ የሚሠራውን ግፍ ሁሉ ጽፌ የጨረስሁ ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ግን ከዚህ በፊት ያልተጻፈ አዲስ ግፍ ፈልስፈው ሙያዬን ስላሰፉልኝ ባለውለታዬ ነዎት።

ይህን ደብዳቤ አላሸግሁትም። ማንበብ የማይችለው ወገኔ ብዙ ስለሆነ ዛሬ ገበያው ሲደምቅ ድምፄ እስከቻለ ድረስ ቆሜ አነበዋለሁ፤ ግልባጩንም ጎንደር ለሚገኙት አለቆችዎ እልካለሁ። መልካም ሥራ በአደባባይ መነገር አለበት ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

ወደ አዲስ አበባ ከመሄድዎ በፊት እርስዎን የምናውቅዎ ካቦ ታፈረ ብለን ነው። ያን ጊዜ ይጮኹ ነበር፤ የሠራተኛውን አባት፣ አያት፣ አንዳንዴም በሬውን ሳይቀር ይሰድቡ ነበር። ሠራተኛውም ካቦ ዛሬ ቁርስ አልቀመሱም ተባብሎ፣ ስቆ፣ ድንጋዩን ይፈልጥ ነበር፤ መንገዱም ቀስ እያለ ይሄድ ነበር። ከዚያ ሠራተኛን በሚገባ የመቆጣጠር ጥበብ ይማሩ ዘንድ ተጠሩና ክረምቱን እዚያው ከርመው፣ በመስቀል ሰሞን ፊሽካ፣ ጥቁር የፀሐይ መነጽርና መስተዋት የለበሰ የምስክር ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ካቦ ብሎ የጠራዎትም ሁሉ ሱፐርቫይዘር እንዲል ታዘዘ። እስከዚህ ድረስ ማንንም አልጎዱም፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ግን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ሱፐርቫይዘር የሠራተኛውን ቤተሰብ ማወቅና ደኅንነታቸውን መጠየቅ አለበት ተብለው ተምረው መጡ። ትምህርቱ ባልከፋ። እርስዎ ግን ድንጋይ ፈላጩን ደምሌን በሰው ሁሉ መካከል አቁመው፣ ሚስቱን አልጣሽን በስሟ እየጠሩ እንደምን አደረች አሉት፤ ምሳ ይዛ ስትመጣ አይተዋት ደልደል ያለች ጤናማ ሴት መሆኗንም መሰከሩለት። የሰው ሚስት በስሟ ጠርቶ መልኳን የሚመሰክር ሹም በእኛ አገር ምን እንደሚባል እዚህ እጽፈው ነበር፣ ከገበያተኛው መካከል ቀሳውስት ስላሉ ተውሁት። ደምሌ የያዘውን መዶሻ የት ሊያሳርፈው እንዳሰበ የሚያውቁት ባልንጀሮቹ ናቸው፣ እጁን ይዘው አስቀሩት እንጂ። አልጣሽ ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ ይዛ ወደ መንገዱ እንዳትወጣ ተከልክላለች፤ ደምሌም አንጀቱን አሥሮ ድንጋይ ይፈልጣል። ስለ አሳቢነትዎ የደምሌ ባዶ ሆድ ምስጋናውን እንዳደርስለት አደራ ብሎኛል።

፪ኛ፤ ሱፐርቫይዘር ሠራተኛውን በማናቸውም ጊዜ ማየት አለበት ብለው አስተምረውዎት መሰለኝ፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ገዝተው ከድንኳንዎ በር ላይ ሆነው ገደሉን ሲቃኙ ይውላሉ። በዚህ አልከስስዎም፤ ለእኔም አንድ ቀን በደግነት አሳይተውኛል። ከማዶ ተቀምጦ የነበረውን የሠራተኛውን የተሻገርን ጋቢ፣ ጋቢው ላይ ያለውን እራፊ ሳይቀር በዓይኔ አይቻለሁ። ገበያተኛው ይህን መነጽር ልብ ይበልልኝ።

፫ኛ፤ ሠራተኛ በሰው ፊት ሲመሰገን ይተጋል፣ ሌላውም ቀንቶ ይከተለዋል የሚል ትምህርት ይዘው መጡ። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ሥራ ሲፈታ ሰዉን ሁሉ በፊሽካ ሰበሰቡና ይርዳውን ወደ ፊት ጠሩት። ይርዳውን የማያውቅ ካለ፣ የዚሁ አጥቢያ ገበሬ ነው፤ ቃል አያበዛም፣ ጉልበት ግን ፈጣሪ አልነፈገውም። እርስዎም፣ እናንተ ሁላችሁ ብትደመሩ አንድ ይርዳውን አታክሉም አሉ። ሲሠራ ከሩቅ ይታይ ዘንድም ቀይ ባርኔጣ በራሱ ላይ ደፉበት። ጌታዬ ይቅርብኝ ቢልዎት፣ ይኸው ትሑትም ነው ብለው ደግመው አመሰገኑት።

ወይ ጉድ! እዚህ አገር ሕፃን እንኳ ሲያምር፣ ዓይን እንዳይበላው ይህ ፉንጋ እየተባለ ነው የሚሳመው። እርስዎ የሠላሳ ዓመት ሰው በጎረቤቶቹ ፊት አቁመው፣ ከዓይን ያውጣህ እንኳ ሳይሉት፣ በሌሎቹ ውርደት ላይ አቆሙት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይህ ነው፤ እኔ እንኳ ተረቱ የተፈጠረው ለእርስዎ መሆኑን ያወቅሁት አሁን ነው።

ይህም ብቻ ቢሆን በታለፈ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት፣ እርስዎ ከሥራው ቦታ በሌሉበት ሰዓት፣ ተሻገርና አንድ ባልንጀራው ጥላ ሥር ትንሽ አረፍ ብለው ነበር። በዚያው መነጽር ከላይ ሆነው አዩዋቸውና ወርደው ሁለቱንም አባረሯቸው። እንዴት አወቁ ብለው ሲጠይቁዎት፣ «በመካከላችሁ ዓይንና ጆሮ አለኝ» አሉና ፈገግ ብለው የይርዳውን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። መነጽሩ ግን ሠራተኛው ሳያየው ካፖርትዎ ውስጥ ደረትዎ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አቶ ታፈረ፣ በዚህ ምድር ላይ ስንት ነገር አይቼአለሁ፣ ስንቱንም ጽፌአለሁ፤ እንደዚያ ትከሻ መምታት ያስጠየፈኝ ነገር ግን የለም። ለገዛ ዓይንዎ ሥራ የሌላ ሰው ትከሻ ከፋይ ሆነ።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ይርዳው ጆሮ ጠቢ ነው። ሲመጣ ወሬ ይቋረጣል፤ ምሳ ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ሰው አንድ ነገር እንደረሳ ሁሉ ተነሥቶ ይሄዳል። ትልቁን ድንጋይ ጨብጦ ያዙልኝ ሲል የሚዘረጋ እጅ የለም፣ ብቻውን ይሸከመዋል። እርስዎም ከላይ በመነጽር ሲያዩት፣ የአራት ሰው ሥራ ብቻውን ሠራ ብለው በሚቀጥለው ቅዳሜ አመሰገኑት!

፬ኛ፤ በዚህ ቁጥር የምጽፈው በእኔም እጅ ያለፈ ነው። ይርዳው አንድ ዓርብ ወደ ዋርካው መጣ። ገበያተኛው እስኪሳሳ ራቅ ብሎ ቆመና ባርኔጣውን አውልቆ ጋቢው ውስጥ ደብቆ ቀረበኝ። «የኔታ፣ እንዳልመሰገን ጻፉልኝ» አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ ቀና አልሁ፤ ዓይኑ ግን የሚቀልድ ሰው ዓይን አልነበረም። እናቱ ስትሞት እንኳ እንዲያ ሆኖ አላየሁትም። ማመልከቻውን ባለኝ ዕውቀት ሁሉ አሳምሬ ጻፍሁ፤ አመልካቹ የክቡርነትዎ ምስጋና ከጎረቤቶቹ ስለለየው፣ ከእንግዲህ በዝምታ እንዲታለፍ በእግርዎ ወድቆ ይለምናል አልሁ። በዚህ ጉልበቴ ዳገቱን ወጥቼ በእጅዎ ሰጠሁ። አንብበው ፈገግ ሲሉ ልብዎ የራራ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወረድሁ፤ የዋህነቴን ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ ሲደርስ ያን ማመልከቻ በሠራተኛው ሁሉ ፊት እንዳነበቡት ሰማሁ። ሙሉውን ቢያነቡት እንኳ ምንኛ ማለፊያ ነበር! ከጎረቤቶቹ ስለለየው የሚለውን ዘለው፣ ምስጋና አልፈልግም የሚለውን ብቻ አንብበው፣ እንዲህ ያለ ትሕትና አይታችሁ ታውቃላችሁ ብለው ጠየቁ። ሠራተኛው ከዚህ ሁሉ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይርዳው ለአለቃው በድብቅ ወረቀት ይጽፋል። እኔም ወረዳውን ዞሬ የመነጽሩን ነገር ብነግራቸው፣ መሪጌታ የይርዳው ጸሐፊ ነዎት፣ ሌላ ምን ይላሉ ብለው በአክብሮት ሸኙኝ።

ለሚከተለው ነገር አምስተኛ ቁጥር ልሰጠው አልወድም፤ ቁጥር የማይገባው ነገር ነው።

በእኛ አገር ስንዴ የሚታጨደው በደቦ መሆኑን ያውቃሉ። ይርዳው በዚህ በጋ የማንም ደቦ አላመለጠውም፤ የደምሌንም የተሻገርንም ማሳ አጭዷል። የእርሱ ተራ ሲደርስ ቀን ቆርጦ ቤት ለቤት ጠራ፤ እሺ ያላለው አልነበረም። ሚስቱ ፈትለወርቅ ጠላውን ጠመቀች፣ ሽሮውን ሠራች፣ ከጎረቤት ዋንጫ ተዋሰች። እኔም ማዕዱን እንድባርክ ተጠርቼ በማለዳ ሄድሁ። ቁርሱ ቀዘቀዘ። ፀሐይ ወጣ፣ ከፍ አለ። መንገዱ ላይ ከብት የሚነዳ ሰው ባየን ቁጥር ፈትለወርቅ ትነሣለች፤ ሰውየውም ቀና ሳይል ያልፋል። ማንም አልመጣም።

ይርዳው ማጭዱን አንሥቶ ወደ ማሳው ገባ፤ እርሷም መቀነቷን አጥብቃ ተከተለችው። እኔ ያ ሁሉ ማዕድ ፊት ለፊቴ ተደርድሮ የምባርከው ሰው አጥቼ ተቀመጥሁ፤ ሽማግሌ ሆኜ አለቀስሁ ብል አላፍርም። ስንዴው የሁለት ሰው ማጭድ የሚደርስበት አይደለም። ዛሬ ደርቆ ከእግሩ እየረገፈ ነው፣ ወፍ ወርዶበታል፤ በዚህ ሳምንት ካልተሰበሰበ ያ ቤት ከፋሲካ ወዲያ የሚቀምሰው የለውም። የእርስዎ ትምህርት ዋጋ ይህ ነው፣ የሚከፍለውም እርስዎ አይደሉም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ከሁለት አንዱን ነው። ያን መነጽር በሰው ፊት አንገትዎ ላይ አንጠልጥለው፣ ተሻገርን ያየሁት በዚህ ነው፣ ይርዳው አንዳች አልነገረኝም ይበሉ። ይህ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ፤ እውነት መናገር በዚያ ክረምት ከተማሯቸው ጥበቦች መካከል እንዳልነበረ ከፍሬው አይተናል።

ይህ ካልሆነልዎ ይስደቡት። ነገ ጠዋት ሰዉ ሁሉ ባለበት ያንን ቀይ ባርኔጣ ነጥቀው ገደል ይወርውሩት። ሰነፍ ይበሉት፣ ደንቆሮ ይበሉት፣ አባቱን፣ አያቱን፣ በሬውን እንደ ድሮው አይማሩለት፤ ከሥራም ያባርሩት። እኔ ይህን ሕዝብ አውቀዋለሁ፤ ስድብዎን ሳይጨርሱ ደምሌ ጋቢውን ያለብሰዋል፣ ተሻገርም ወሬውን ሰምቶ አይዞህ ወንድሜ ይለዋል፣ በማግሥቱም ጎህ ሳይቀድ ማሳው በማጭድ ይሞላል። ለዚህ ደግሞ ትምህርት አያስፈልግዎም፤ ስጦታው ቀድሞም ነበረዎ።

ዕድሜዎ እንደ ፊሽካዎ ድምፅ ይርዘም፣ ዓይንዎ እንደ መነጽርዎ ይጥራ እያልሁ፣ ያስተማሩዎትን ሰዎች ሳላውቃቸው የምታዘብ፣ ለጥበብዎ ከዋርካው ሥር አንገቴን የምደፋ፣

የክቡርነትዎ ትሑት አገልጋይ
መሪጌታ ቀለመወርቅ
አርብ ገበያ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ ወሬ ደረሰኝ። በገብርኤል ዕለት ታቦቱ ሲገባ፣ ምእመናኑ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ለይርዳው ሌላ ሽልማት ለመስጠት አስበዋል አሉ። ከልብ እደግፋለሁ። ሽልማቱን ሲያመጡ ግን ማጭድም ይዘው ይምጡ፤ በማግሥቱ ከማሳው እንጠብቅዎታለን፣ ከእርስዎ በቀር የሚመጣለት ሰው አላስቀሩለትምና።