የገነት ወፍ አበባን ላስለመዱን እትዬ ብርቅዬ

የአበባ ሻጮችና አስጌጪዎች ማኅበራችን መሥራች፣ ለረጅም ዓመታትም ሰብሳቢው የነበሩት፣ ሁላችንም «እትዬ ብርቅዬ» የምንላቸው ታላቅ እህታችን፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ዓርብ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ ይህን ለአባላቱና ለደንበኞቻቸው የሚያስታውቀው ገና ራሱ ሳያምነው ነው።

እትዬ ብርቅዬ ሙያውን የጀመሩት በልጅነታቸው፣ በአክስታቸው ሱቅ የጽጌረዳ እሾህ በመልቀም ነበር። ትዳር ከመሠረቱ በኋላ በገበያው መግቢያ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ባለቤታቸው መርከበኛ ነበሩ። ከአንድ ጉዞ ሲመለሱ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው አንድ አበባ አመጡላቸው፤ ብርቱካናማ ላባና ሰማያዊ ምላስ ያለው፣ አንገቱን ያሰገገ ወፍ የሚመስል። ስሙም የገነት ወፍ ነው። «ይሄ እዚያ አገር እንደ ጎመን በየአጥሩ ሥር ነው የሚበቅለው። አንድ ቀን ወስጄ አሳይሻለሁ» አሏቸው። ጎረቤት የመርከበኛ ወሬ ነው ብሎ ሳቀ። ባለቤታቸው ቃላቸውን ሳይፈጽሙ፣ ባሕር ላይ እንዳሉ ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ዐረፉ።

ከሐዘኑ በኋላ እትዬ ብርቅዬ ሱቃቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዘዙት ይህንኑ አበባ ነበር። በገበያችን ያስመጣው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። የሚገዛም አልነበረም። የፊት ለፊቱ ሥጋ ሻጭ «እትዬ፣ ይሄ ይሸተታል ወይስ ይታረዳል?» ሲላቸው፣ «አንተ ብቻ ቢላህን አርቅልኝ» እያሉ በመስኮቱ ላይ ይደረድሩታል። ኋላ ሥጋ ሻጩ ለራሱ ልጅ ሠርግ አዳራሹን በሙሉ በዚሁ አበባ እንዲያስጌጡለት ለመናቸው።

ለሙያው ያበረከቱት ብዙ ነው። የገነት ወፍ ብርድ ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ በክረምት ካርቶኑን በራሳቸው ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እሳቸው በስስ ሹራብ ሲንቀጠቀጡ ይውሉ ነበር። እኛ የመጀመሪያው አበባ ሲጠወልግ ዘንጉን እንጥል ነበር። ምንቃር በሚመስለው ሽፋኑ ውስጥ ሌላ አበባ ተጣጥፎ እንደሚቆይ ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ምንቃሩን ለብ ባለ ውኃ ነክረው፣ በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ከፈት ያደርጉና «አትጎትቷት። ጠብቋት፣ ትመጣለች» ይላሉ። መጠበቅን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አበባውን በበቀለበት አገር የማየት ምኞታቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጉዞው በተነሣ ቁጥር «የእገሊት ሠርግ ይለፍ» እያሉ ያራዝሙታል። በመጨረሻ ማኅበሩና ብቸኛ ልጃቸው ተመካክረው እንቢታቸውን ሳይሰሙ አስነሧቸው። ከልጃቸው እንደሰማነው፣ አበባውን ያገኙት በአውቶቡስ ማቆሚያ ጀርባ፣ የአንድ ጋራዥ አጥር ሥር፣ አቧራ ለብሶ፣ አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ ሳያየው ነበር። ቅጠሉን በመዳፋቸው ጠረጉ። «አልዋሸኝም እኮ» አሉና አለቀሱ። አንዲት ዘንግ እንኳ አልቆረጡም።

ሲመለሱ በደስታ ተቀበልናቸው፤ ፊታቸው ግን እንደጠበቅነው አልነበረም። ምክትል ሰብሳቢያችን «ታዲያ ናፍቆትዎ ወጣልዎ?» ብትላቸው፣ «ይወጣልኛል ብዬ ነበር፤ ባሰብኝ እንጂ። አበባውን አየሁት፤ የሚያሳየኝ ሰው ግን አጠገቤ የለም» አሉ። በማግሥቱ ሱቃቸውን ከፍተው ባልዲዎቹን አጠቡ።

ለአንዲት ደንበኛቸው የቅዳሜ ሠርግ የሙሽራዋን እቅፍ አበባ ያዘጋጁት አልጋ ላይ ሆነው ነው፤ እሳቸው እየመረጡ፣ ልጃቸው እያሰረች። ሳይጨርሱት ዐረፉ። በእጃችን ያደገችው ልጃቸው ከለቅሶው መካከል ተነሥታ፣ እጇን ታጥባ፣ የቀረውን አሰረች። እኛም በሰዓቱ አደረስን።

ማኅበሩ ለልጃቸው፣ ለእህት ወንድሞቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ከእጃቸው አበባ ለተቀበሉ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። እኛም ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀምጠናል፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና ግን አናውቅም።

ለሙሽራዋ ደስታዋ እንዳይደፈርስ ብለን ምንም አልነገርናትም። ይህን መግለጫ ያነበብሽ እንደሆነ፣ እህታችን፣ አትዘኚ። እንኳን ደስ ያለሽ። አብሮ ያስረጃችሁ።

የአበባ ሻጮችና አስጌጪዎች ማኅበር