ሥሩን ያልነቀልነው እንጉዳይ

ለውድ እህቴ፣ ለእታለሜ፦

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ነው፣ ዘንድሮም ብርዱን ጠብቆ ያዘሽ ወይስ ማረሽ? እማዬስ ደህና ናት? ጆሮዋ ተሻላት ወይስ አሁንም የሚጠቅማትን ብቻ እየመረጠች ነው የምትሰማው? ሁለቱ ሴቶች ልጆችሽስ አደጉ? ባልሽስ ከአለቆቹ ጋር መጨቃጨቁን ተወ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ዛሬ እውነትም ደህና ነኝ፣ ግን ይህን የምጽፍልሽ ሆስፒታል ተኝቼ ነው፤ ደህንነቴም የሚታመን አይደለም። በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ አጠገብሽ ተቀምጣ ስለምትሰማ ነው። ለብቻሽ ሁነሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አብራኝ የምትኖረውን ልጅ፣ ጥድፊያ የምንላትን፣ ድምጿን ታውቂዋለሽ። ስንደዋወል መሃል ገብታ «እታለም እንዴት ነሽ?» ብላ መልሱን ሳትሰማ የምትሮጠው ናት። ሞተች እታለሜ። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ከእኔ ክፍል ጥቂት በር አለፍ ብሎ ሞተች። የገደላት እንጉዳይ ነው። የለቀምነው አብረን ነው፤ ይበላል ያልኳትም እኔ ነኝ።

ሥራችንን ታውቂዋለሽ፣ የሆቴል አንሶላ ማጠብ፣ መተኮስ፣ ማጠፍ ነው። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ተቀቅለን ስለምንውል ዕረፍት ስናገኝ ንፋስ ፍለጋ አውቶቡሶቹ ከሚያድሩበት ግቢ ጀርባ ወዳለው መናፈሻ እንሄዳለን። ባለፈው ሳምንት ሲዘንብ ሰንብቶ ነበርና ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር፣ ፍሬያቸው ሲረግፍ አናት ከሚመታው፣ ሣሩ ውስጥ እንጉዳይ ፈልቶ አገኘን። ነጣ ያለ፣ አናቱን ትንሽ አረንጓዴ የነካካው፣ መዳፍ የሚያህል። ደስታዬን እንዴት ልንገርሽ! እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የማውቀው ነገር ከመሬት በቅሎ አይቼ አላውቅም ነበር። ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ልጅ ሆነን የጅብ ጥላ እያልን የምንረግጠውን ዓይነት አልመሰለኝም። ቢሆንም የእማዬን ፈተና አንድ በአንድ ፈተንኩት። ትል በልቶታል? በልቶታል። እበት ወይም የበሰበሰ ግንድ ላይ ነው? አይደለም፣ ንጹሕ ሣር ላይ ነው። ሽታውስ? ጥሩ። ቤት ገብተንም፣ መርዝ ካገኘው ይጠቁራል የሚባለውን ነጭ ሽንኩርት አብረን ቀቀልን፤ አልጠቆረም። የእኛ እንጉዳይ የሚበቅለው ኩይሳ ላይ እንደሆነ አልረሳሁም። ኩይሳ ግን እዚህ የለም። አገሩ ኩይሳ ከሌለው እንጉዳዩ ምን ያድርግ ብዬ አለፍኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት እኔ ነኝ።

አለቃቀሙም የእማዬ ነበር፤ በቢላ ከመሬት በላይ ቆርጦ ሥሩን ለከርሞ መተው። ጥድፊያ እንደ ልማዷ ቸኩላ በእጇ ልትነቅል ስትል ተቆጣኋት። የነቀለ ለከርሞ አያገኝም ብዬ ጣቴን ቀሰርኩባት። «እሺ እማማ» ብላ ሳቀችብኝና ቢላውን ተቀበለችኝ።

ያን ዕለት እኔ ተረኛ ስለነበርኩ ሳልበላ ወጣሁ፤ እሷ ብቻዋን በላች። በማግስቱ ጠዋት ያስመልሳት፣ ያስቀምጣት ጀመር። እንጉዳዩን አልጠረጠርንም። የምግብ ቢሆን ኖሮ እንደበላች ነበር የሚይዛት አልን። ክሊኒክም ሆድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጥተው መለሷት። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ድና ተነሣች። ፊቷ ጠራ፣ ቀልዷ ተመለሰ፣ ራበኝ አለች። ማቀዝቀዣ ውስጥ የተረፈውን እንጉዳይ አሞቅንና አብረን በላን። ለመዳኗ የደገስነው ከዚያው ድስት ነው እታለሜ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ። ደግሞ ሲጣፍጥ! ይህን ሳልነግርሽ ማለፍ አልቻልኩም፤ እዚህ አገር ከበላሁት ሁሉ የጣፈጠኝ እሱ ነበር።

በማግስቱ ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ፤ እኔም ማስመለስ ጀመርኩ። ሆስፒታል ስንደርስ እንጉዳይ መብላታችንን ነገርናቸውና ስለ እንጉዳይ የምታጠና ሴትዮ ጠሩ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ነቅላችሁ ነው ወይስ ቆርጣችሁ የሚል ነበር። መናፈሻው ድረስ ሄዳ እኛ የቆረጥነውን ጉቶ ቆፍራ አወጣችና አምጥታ አሳየችኝ። ከግርጌው፣ አፈሩ ውስጥ፣ እንደተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ ከረጢት አለ። ገዳዩ የሚታወቀው በዚህ ነው አለችኝ፤ ከግርጌው ከረጢት፣ አንገቱ ላይ ቀለበት፣ ከባርኔጣው ሥር ያለው ሽንሽንም ነጭ። የሚኖረውም ከእነዚያ ዛፎች ሥር ጋር ተቆራኝቶ ነው። ትል ይበላዋል፣ አይሞትበትም። ነጭ ሽንኩርትም አያጋልጠውም፣ እሳትም መርዙን አያጠፋውም። ብንነቅለው ኖሮ ከረጢቱ አብሮ ይወጣ ነበር፤ ነቅላችሁም ቢሆን የማታውቁት አገር ላይ አትልቀሙ አለች። ጥድፊያን ተቆጥቼ ያስተውኳት ይህንን ነው።

ዛሬ እኔም እሷ ድና የተነሣችበት ዓይነት ቀን ላይ ነኝ። ሆዴ ጸጥ ብሏል፣ ርቦኛልም። ነርሷ ተሻለኝ ስላት አልሳቀችም። ሐኪሙን እውነቱን ካልነገርከኝ አለቅህም አልኩት። ጉበት የሚጎዳው በዝምታ ነው፤ ነገና ከነገ ወዲያ ደምሽ ይነግረናል፤ ከእሷ ያነሰ ስለበላሽ ተስፋ አለ አለኝ። «ተስፋ አለ» ያለበት ድምፅ ግን አለቃችን የወይን ጠጅ የፈሰሰበትን አንሶላ አይታ «ይለቅ ይሆናል» የምትልበት ድምፅ ነው። የጥድፊያ ስልክ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ጠራ፤ እናቷ ናት። አላነሣሁትም። እፈራለሁ እታለሜ፤ በጣም እፈራለሁ።

ይህ ደብዳቤ እጅሽ እስኪገባ ነገሩ ወይ በዚህ ወይ በዚያ ያልቃል። ስለዚህ የምለምንሽን ስሚኝ። አንቺ ኩይሳሽን ታውቂዋለሽ፤ ስንት ክረምት በልተሽ ምንም አልሆንሽም፤ አልከራከርሽም። ልጆቹ ግን አድገው እንደኔ አገር ይለቃሉ፣ ፈተናውንም እንደ ስንቅ ይዘውት ይሄዳሉ። ለዚያ ኩይሳ ብቻ የተሠራ ነው በያቸው። የሚያውቁትን ነገር በማያውቁት መሬት ላይ ካዩ ዘመድ አይምሰላቸው።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ካልተጨቃጨቀ ታመመ ማለት ነውና አትከልክዪው። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን፣ ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን፣ ያሳጠረልኝ ቀሚስ አሁንም አጥሮ ነው ያለው በይልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የእሷ ፈተና እንደሆነ ግን እስክትሞት እንዳትሰማ። ክፉው ከመጣ አለቃችን ትደውላለች፤ የአገራችን ሰው ናት፤ መኪና ገጫት እንድትል ነግሬያታለሁ። እማዬ ድሮም መኪና ጠላቷ ነው፣ ታምናለች። አንቺም አጠገቧ ተቀምጠሽ መኪናውን አብረሻት ርገሚ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋ
ጥቅምት ፲፯ ቀን፣ ረፋድ ላይ